በሙሉ ድምፅ

የውሃው ፓምፕ በተሰረቀ ማግስት የብሎኩ ሰው ዓይን ያረፈው ተከራዮች ላይ ነበር። ገላን ኮንዶሚኒየም ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣበት ቀን ፓምፑ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ካልገፋው፣ ላይኛው ፎቅ የሚኖር ሰው ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ነው ዕጣው። ፓምፑን ነዋሪዎቹ አዋጥተው ነበር የገዙት። ስለዚህ ባዶውን ቦታ፣ የተቆረጠውን ቱቦና የተንጠለጠለውን ሽቦ ያየ ሁሉ የራሱ ቤት እንደተዘረፈ ቆጠረው።

የነዋሪዎች ማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ አምባው ቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ ጠሩ። ጋሽ አምባው ጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ ሆዳቸው ግን ቶሎ የሚባባ ሰው ናቸው። ምጥ የያዛትን ጎረቤት በአሮጌ ፒክአፓቸው ሐኪም ቤት ያደርሳሉ፤ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የሚያስተክሉት እሳቸው ናቸው። ሰው ይወዳቸዋል።

"ጥበቃው ከውጭ የገባ ሰው አላየሁም ይላል" አሉ። "እንግዲህ ዕቃው ወይ ሰማይ ወጥቷል፣ ወይ እዚሁ ግቢ ውስጥ አለ።"

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ፈቀደ ተነሳ። "ምን ያስጨንቃል? የተከራዮቹ ቤት ይፈተሽ። ባለቤትማ የራሱን ንብረት አይሰርቅም።"

ከኋላ መቀመጫዎች ማጉረምረም ተሰማ። ጋሽ አምባው ሰዉን በእጃቸው ጸጥ አሰኙ። "ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ምንም የሌለበት ሰው ምን ያስፈራዋል? ደግሞ በግድ አንልም፤ በዴሞክራሲ እንወስን። ይፈተሽ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።"

የባለቤቶቹ እጅ ቀድሞ ወጣ። ተከራዮቹ እርስ በርስ ተያዩና እነሱም አንድ በአንድ አወጡ። አለማውጣት ሌባው እኔ ነኝ ማለት ይመስል ነበር። የሚቃወም ሲባል ማንም የለም፣ ድምፀ ተአቅቦ ሲባልም ማንም የለም። ጋሽ አምባው "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" አሉና የማኅበሩን ጸሐፊ ሚራክልን በቃለ ጉባኤው እንድታሰፍረው አዘዟት።

እጃቸውን ካወጡት ባለቤቶች አንዷ ኢፍቱ ነበረች። ኢፍቱ ቃሊቲ አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት መምህርት ናት። ያን ዕለት ክፉም ደግም አልተሰማትም፤ ስብሰባው ቶሎ አልቆ ለአባቷ ምሳ ማድረስ ነበር ሐሳቧ። ፈታሾች ሲመረጡ ስሟ የተጠራውም ያለ እሷ ጥያቄ ነው። "ቲቸር አብራ ካለች ማንም አይከፋውም" አሉ ጋሽ አምባው። እሷም እሺ አለች።

ሦስቱ፣ ጋሽ አምባው፣ ሚራክልና ኢፍቱ፣ የተከራዮቹን ቤት አንድ በአንድ ዞሩ። ምድር ቤት ካለችው ስቱዲዮ ሲደርሱ ዙለይኻ በሩን ከፍታ ቆማ ጠበቀቻቸው። ዙለይኻ የስልጤ ሰው ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቃሊቲ ገበያ ሻርፕና የሴት ልብስ እየሸጠች አንድ ልጇን ሐጀራን ታሳድጋለች። ሐጀራ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ኢፍቱም ታስተምራታለች።

ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ የሚፈለግበት ቦታ ብዙ አልነበረም። ጋሽ አምባው ጎንበስ ብለው አልጋ ሥር አዩ። ከዚያ ሻንጣው ተከፈተ፤ ልብሱ ወጣ። ሚራክል ደግሞ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥላ የነበረችውን ትንሽ ቦርሳ አውርዳ ከፈተቻት። ኢፍቱ፣ ፓምፕ እዚያ ውስጥ አይገባም ብላ አሰበች፤ ግን አልተናገረችም።

ሚራክል ከዚያች ቦርሳ ውስጥ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጣች። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ጽሑፉን ለማንበብ ጊዜ አልወሰደባትም። "ውይ፣ ይሄ እኮ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። ማን ነው የሚወስደው?"

ድምጿ ውስጥ ክፋት አልነበረም። መደብር ውስጥ ቆማ ደንበኛ እንደምትጠይቀው ነበር የጠየቀችው። በሩ ግን ክፍት ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ጎረቤቶች ቆመዋል። ዙለይኻ ብልቃጡን ከእጇ ተቀበለች። ሐጀራ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ቆማ ነበር፤ ዘወር አላለችም። ኢፍቱ አልጋው ላይ የተከመረውን ልብስ አጣጥፋ ወደ ሻንጣው መለሰችና "ይቅርታ፣ ዙለይኻ" ብላ ወጣች።

ከየትኛውም ቤት ምንም አልተገኘም።

ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ ፓምፕ እየነቀሉ የሚሸጡ ሰዎች ያዘ። ከሌላ ሰፈር የመጡ ናቸው፤ ከሌሎች ብሎኮችም ወስደዋል። የብሎኩ ፓምፕ ተመልሶ ተገጠመ፤ ውሃውም ላይኛው ፎቅ መድረስ ጀመረ። ጋሽ አምባው ነዋሪውን ስለትብብሩ አመሰገኑ። ስለፍተሻው ማንም አላነሳም፤ አልፏል ተብሎ ታሰበ።

የሐጀራ ነገር ግን አላለፈም። ወሬው ከኮሪደሩ ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። አንዲት ጎረቤት ልጇን ከሐጀራ ጋር እንዳትበላ ከለከለቻት። ሌላዋ ለዙለይኻ አዝና ጠበል ብትሞክርላት ብላ በር ላይ መከረቻት። ክፍል ውስጥ አብራት የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀየረች። አንድ ጠዋት ደግሞ ሐጀራ ዴስኳ ላይ የክብሪት ፓኮ አገኘች፤ ስትወድቂ እናሸትሻለን ማለታቸው ነው። ከኋላ የሚስቁትን ሳታይ ክብሪቱን አንስታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችውና ደብተሯን ገለጠች። መድኃኒቱን ስለምትወስድ ከወደቀች ዓመት አልፏት ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥም አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም።

በዚያው ሳምንት ኢፍቱ ስለ ሕገ መንግሥቱ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደረሰች። ሰሌዳው ላይ መብቶቹን ዘረዘረች፤ ስለ ብዙኃን ድምፅ አስረዳች። ጥያቄ ያለው ስትል ሐጀራ ተነሳች።

"ቲቸር፣ ብዙ ሰው ተስማምቶ ከወሰነ የሰው ቤት መፈተሽ ይቻላል?"

ኢፍቱ ከሰሌዳው ዞረች። "አይቻልም" አለች።

"ሁሉም ቢስማሙስ?"

"ሁሉም ቢስማሙም። ሕጉ ራሱ በለየው ምክንያትና ሥርዓት ካልሆነ የማንም ቤት፣ የማንም ንብረት አይፈተሽም። መብት ማለት በድምፅ ብልጫ የማይነጠቅ ነገር ነው።"

"የቤቱ እመቤት ራሷ እጇን ብታወጣስ?"

ይህኛው መጽሐፉ ውስጥ የለም። ኢፍቱ መልሱን ፈለገችው። "ፈርታ ካወጣች ፈቀደች አይባልም" አለች በመጨረሻ።

"እሺ ቲቸር። ገባኝ" ብላ ሐጀራ ተቀመጠች። አልከሰሰቻትም፤ ጥያቄዋን ጠይቃ ጨርሳለች። ኢፍቱ የቀረውን ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደጨረሰችው አታስታውስም። ያን ዝርዝር በየዓመቱ ስታጽፍ ኖራለች። ተማሪዎቿ ለፈተና ሸምድደውታል፤ እሷም ሸምድዳዋለች። የፍተሻው ዕለት ግን ነገሩ ፊቷ ሲደርስ አላወቀችውም።

ቤት ስትገባ አባቷ አባባ ፈየራ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ያ አካባቢ ሁሉ መረሬ አፈር እያለ፣ ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል እያለ ያረሱት ሰው ናቸው። አሁን ከአራተኛ ፎቅ ሆነው ቁልቁል ያዩታል።

"ኢንተላ ኮ፣ ምን ሆንሽ?" አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲያዝኑላት በኦሮምኛ ነው የሚጠሯት።

ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ "እጅ አውጡ ሲባል ማን እምቢ ይላል" አሉ። "እኛንም ያኔ ሰብስበውን ነበር። ልማት ይመጣል፣ ትጠቀማላችሁ፣ የሚስማማ እጁን ያውጣ አሉ። አወጣን። አጨበጨብንም። ምን እንደተስማማን የገባን አጥሩ ሲታጠር ነው።"

"ለምን አልጠየቃችሁም አባዬ?"

"ምን ብለን? መጠየቅ እንደሚቻል የሚያውቅ ነው የሚጠይቀው። እኛ መብት የሚሰጡን ነገር ነበር የሚመስለን፤ አስቀድሞ ያለን ነገር አልመሰለንም። አንቺን እኮ ያስተማርኩሽ እንደኔ እንዳትሆኚ ነው።" ይህን ሲሉ አልተቆጧትም። ኢፍቱን ያስለቀሳት አለመቆጣታቸው ነው።

በማግስቱ ጋሽ አምባው ቤት ሄደች። መክሰስ አልፈለገችም፤ ስለራሷ ነው የጀመረችው። እሳቸው ግን ተከፉ።

"እኔ ሌባ ልይዝ እንጂ ሰው ልበድል አልተነሳሁም።"

"አውቃለሁ ጋሼ። እኔም አብሬዎት ነበርኩ።"

"ሁሉም ተስማምቷል። ዴሞክራሲ ሌላ ምንድን ነው?"

"እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነው እጄን ያወጣሁት። ሁላችንም አንዱን ለመበደል ብንስማማ ግን በደሉ በደል መሆኑ ይቀራል? ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው እኮ ብዙ የሆነው ጥቂት የሆነውን እንዳይውጠው ነው።"

ጋሽ አምባው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቲቸር፣ እሱ የትላልቆቹ ነገር ነው። ስሙም ይናገራል፤ የመንግሥት ሕግ ነው። የብሎክ ኮሚቴን ምን አገናኘው?"

ኢፍቱ ይዛው የመጣችውን መጽሐፍ ከፍታ ዘጠነኛውን አንቀጽ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ አነበቡ። ሕገ መንግሥቱን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት ያለባቸውን ይዘረዝራል። የመንግሥት አካላት አሉ፤ ዜጎችም አሉ። ቀጥሎ ያለው ላይ ጣታቸው ቆመ።

"ሌሎች ማኅበራት ይላል።"

"አዎ ጋሼ።"

"እኛ ማኅበር ነን?"

"ማኅተም አለን እኮ።"

ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። "ልጅቷ ታማለች እንዴ?"

"በሽታዋስ በመድኃኒት ደህና ነው። የከፋባት የሰው ዓይን ነው።"

"ሴት ልጅ አለችኝ እኮ" አሉ ጋሽ አምባው ዝግ ባለ ድምፅ። "የእሷን ቦርሳ እንደዚያ ሰው ቢከፍተው…" አልጨረሱትም።

ይቅርታ ለመጠየቅ አብረው ዙለይኻ ዘንድ ወረዱ። ዙለይኻ አስገባቻቸው፤ ወንበርም ሰጠቻቸው። ጋሽ አምባው የበደሉት በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውንም በሰው ፊት፣ በስብሰባ እንደሚጠይቁ ነገሯት።

"ጋሼ፣ አላህ ያክብርዎት" አለች። "ግን የልጄን ነገር ስብሰባ ላይ እንዳያነሱብኝ። አንድ ጊዜ ተነሥቶ አይተነዋል። ይቅርታ ከሆነ ለተከራይ ሁሉ ይሁን።"

እንደዚያው ሆነ። በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሽ አምባው ተነሥተው፣ ያ ውሳኔ ትክክል እንዳልነበረ፣ ድምፅ ያሰጡበትም እሳቸው መሆናቸውን፣ ማኅበሩ ከእንግዲህ የማንንም ቤት እንደማይፈትሽ፣ ስርቆት ሲኖር ነገሩ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት እንደሚሄድ ተናገሩ። ተከራዮቹን ይቅርታ ጠየቁ።

ፈቀደ አልተዋጠለትም። "ታዲያ ሌባ ሲመጣ ሕገ መንግሥት እናንብብለት?"

"ሌባውን ፖሊስ ነው የያዘው" አለች ኢፍቱ። "እኛ ያን ቀን የያዝነው ጎረቤቶቻችንን ነው።"

"እሺ ይሁን። ላይ ያሉት ሳያከብሩት እኛ ብናነበው ምን ይጠቅማል?"

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት ስለነበር ሁሉም ወደ ኢፍቱ ዞረ። "ሳናውቀው ላይ ያሉት ሲጥሱት በምን እናያለን?" አለች። "እኔ ያን ቀን ሲጣስ እዚያው ቆሜ ነበር። የማስተምረው ነገር ነው፤ ግን አላየሁትም። በትንሹ ያላየሁትን በትልቁ አየዋለሁ ብዬ ራሴን አላታልልም። ጠባቂው እኛ ነን ይላል፤ ጠባቂ ደግሞ የሚጠብቀውን ማወቅ አለበት። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እናንብበው። የሚፈልግ ይምጣ፤ ለዚህ ድምፅ አንሰጥም።"

የመጀመሪያው ቅዳሜ ብዙ ሰው መጣ። በሁለተኛው ቀነሰ። ከዚያ በኋላ የሚመጡት አንድ ክብ ጠረጴዛ የሚሞሉ ያህል ሆኑ፤ እነሱ ግን አልቀሩም። ጋሽ አምባው በዚያ በጎላ ድምፃቸው ያነባሉ፤ ያልገባቸው ቦታ ሲደርሱ ፍሬን ይዘው ይጠይቃሉ። አባባ ፈየራ ጽሑፉ ስለማይታያቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ስለ መሬትና ስለ ካሳ የሚለው ላይ ሲደረስ ሁለቴ አስነበቡት፤ አስተያየት ሲጠየቁ ግን ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሚራክልም ትመጣለች። ዙለይኻን ይቅርታ ልትጠይቅ ሄዳ የመጀመሪያውን ጊዜ በር አልተከፈተላትም፤ በሁለተኛው ተከፈተላት። የተባባሉትን ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም።

ዙለይኻ ከገበያ በጊዜ በተመለሰች ቀን ጥግ ላይ ትቀመጥ ነበር። ስለ መኖሪያ ቤት የሚለው ሲነበብ "ቆይ፣ ባለቤት ነው የሚለው ወይስ ሰው?" ብላ ጠየቀች።

ጋሽ አምባው ተመልሰው አዩት። "ማንኛውም ሰው ነው የሚለው።"

"ተከራይም ሰው ነው" አለች ዙለይኻ፤ ተሳሳቁ።

የማኅበሩ ምርጫ ሲደርስ ፈቀደ አጭር መንገድ አመጣ። ጋሽ አምባውን የማይወድ የለም፤ ስለዚህ ጊዜ ሳናባክን በጭብጨባ ይቀጥሉ አለ። ማጨብጨብ ተጀመረ። ጋሽ አምባው ራሳቸው ፈገግ ብለው ሊነሡ ሲሉ ዙለይኻ ቆመች።

"እኔ እቃወማለሁ። ጋሽ አምባውን አይደለም፤ አካሄዱን ነው። ለአገሩ ምርጫ ድምፅ በሚስጥር ይሰጣል ይላል ያነበብነው። ለብሎካችንስ ለምን አይሆንም? ሰው የሚያስበውን ወረቀት ላይ ይጻፍ። ጎን ለጎን እየተያየን ስንስማማ ምን እንደሚሆን አይተናል።"

ጭብጨባው ቆመ። ፈቀደ ሊናገር አፉን ሲከፍት ጋሽ አምባው "ትክክል ናት" አሉ። ወረቀት ተቆራርጦ ታደለ፤ ካርቶን ሳጥን ሆነ። ጋሽ አምባው አሸነፉ፤ ያልመረጧቸውም ግን ጥቂት አልነበሩም። እሳቸው ውጤቱን ሰምተው ጢማቸውን አሻሹ። "ይሄን ያህል ሰው አኩርፎኝ ኖሯል? እንኳን አወቅሁት" አሉ። ያን ሳምንት ቤት ለቤት እየዞሩ ቅሬታ ጠየቁ፤ በየበሩ አንኳኩተው "ግቡ" እስኪባሉ ደጅ ይቆሙ ነበር።

ሐጀራ ግን የራሷን ነገር በራሷ መንገድ ያዘችው። አንድ ቀን ከትምህርት በፊት ኢፍቱን ቢሮዋ አገኘቻትና ከክፍለ ጊዜው ጥቂት ደቂቃ ለመነቻት። ምን ልትል እንደሆነ ኢፍቱ ገባት።

"እርግጠኛ ነሽ? ማንም ሊያስገድድሽ አይችልም።"

"አውቃለሁ ቲቸር። ለዚያ ነው የምናገረው።"

ክፍሉ ፊት ቆማ የሚጥል በሽታ እንዳለባት፣ መድኃኒት እንደምትወስድ፣ በምራቅም በምግብም ወደ ሌላ ሰው እንደማይተላለፍ ነገረቻቸው። ድንገት ብወድቅ በጎኔ አስተኙኝ፣ ጭንቅላቴ ሥር ልብስ አድርጉልኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ እስክነቃ ጠብቁኝ አለች። ክብሪት አያስፈልግም ስትል ከኋላ ያሉት ልጆች አቀረቀሩ። ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም፤ ቦታ የቀየረችው ልጅም ወዲያው አልተመለሰችም። ከወንዶቹ አንዱ ግን ሲወድቁ ያማል ወይ ብሎ ጠየቃት፤ እሷም መለሰችለት።

ማታ ዙለይኻ ወሬውን ሰምታ አራተኛ ፎቅ፣ ኢፍቱ ቤት ድረስ ወጣች። ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ ሻርፗ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር።

"ቲቸር፣ ማን ተናገሪ አላት?"

"ማንም አላላትም።"

"አንቺ አይደለሽም?"

"አይደለሁም፣ ዙለይኻ። እንዲያውም እንድታስብበት ነግሬያት ነበር።"

"እሷ ፈልጋ?"

"እሷ ፈልጋ።"

ዙለይኻ የበሩን መቃን ደገፍ ብላ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች። ከውስጥ አባባ ፈየራ "ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምን ደጅ ያቆምሻል" ሲሉ ተሰማ።

"እሷ ፈልጋ ከሆነ ይሁን" አለች ዙለይኻ፤ ጫማዋንም አውልቃ ገባች።